ዲሲ 3 የተባለው አይሮፕላንና አምሳያው

ሰው ከሠራቸው መኪናዎች መካከል አይሮፕላንን ያህል ፈጥኖ የሚያረጅ ጥቂት ነው። ቤት ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ መርከብም ደኅና ጠባቂ ካገኘ ሠላሳና አርባ ዓመት ባሕሩን ይሰነጥቃል። አይሮፕላን ግን ገና ቀለሙ ሳይደበዝዝ ከእርሱ የፈጠነ፥ ከእርሱም የበለጠ የሚሸከም ሌላ ይወጣበትና የትናንቱ ብርቅ በሜዳ ዳር ክንፉ ተቈርጦ ለብረት አቅላጭ ይሸጣል። ከዚህ ዕጣ ካመለጡት አንዱ ዲሲ 3 የሚባለው ነው። ስሙ የዳግላስ ኩባንያ ለንግድ የሠራው ሦስተኛው ዐይነት ማለት ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1935 ሲሆን፥ ከትውልዱ የተረፉት ጥቂቶች ዛሬም ጭነት ተሸክመው ከምድር ይነሣሉ።

ይህ አይሮፕላን ከረዥም ዕድሜው ሌላ ሁለተኛ ሕይወት አግኝቷል። ሲሙሌተር የሚባል የበረራ ማስመሰያ አለ፤ ይኸውም ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ በኮምፒዩተር መስኮት ፊት ተቀምጦ አይሮፕላን የሚነዳበት ጥበብ ነው። በዲሲ 3 አንድ ጊዜ እንኳ ተሳፍረው የማያውቁ፥ የሞተሩንም ዘይት ያላሸተቱ ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው ሲያስነሡትና ሲያሳርፉት ያመሻሉ። ይህን የልጆች ጨዋታ ብሎ የሚንቅ አይጠፋም። ነገር ግን ከጨዋታው በስተጀርባ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ አይሮፕላኑን በወጣትነታቸው የነዱት ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉ ነውና የእጃቸው ዕውቀት ወዴት ይገባል? (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ዓመተ ምሕረት ተብሎ ይለያል።)

የአይሮፕላኑ መወለድ ምክንያቱ የሞት አደጋ ነው። ማርች 31 ቀን 1931 በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ፎከር የተባለ የመንገደኞች አይሮፕላን ወድቆ የነበሩበት ስምንት ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀው የአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝ ክኑት ሮክኒ ስለ ነበረ ሐዘኑ የሕዝብ ሁሉ ሐዘን ሆነ። የክንፉ አጥንት የእንጨት ነበረ፤ ቢመረመር እርጥበት ገብቶበት ማጣበቂያውን አላልቶታል ተባለ። ከዚያ ወዲያ የእንጨት ክንፍ በመንገደኛ ዘንድ መታመኑ ቀረ። የወደቀው አይሮፕላን ባለቤት የነበረው ቲደብልዩኤ የተባለው ኩባንያ ሁለንተናው ከብረት የተሠራ አይሮፕላን ሊገዛ ቢፈልግ፥ ቦይንግ ሊሠራቸው ያሰበው የመጀመሪያዎቹ 60 አይሮፕላኖች አስቀድመው ለተወዳዳሪው ለዩናይትድ ተሰጥተው አገኘ።

ስለዚህ ከቲደብልዩኤ አለቆች አንዱ ጃክ ፍራይ ኦገስት 2 ቀን 1932 ለአይሮፕላን ሠሪዎች አጭር ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ከተዘረዘረው ሁሉ የከበደው አንድ ቃል ነው፤ አንደኛው ሞተር ቢጠፋ እንኳ አይሮፕላኑ ሙሉ ጭነቱን እንደ ያዘ ኩባንያው ከሚሠራበት ከማንኛውም ሜዳ መነሣት ይችል ዘንድ ይገባል የሚል ነበረ። ከነዚያ ሜዳዎች አንዳንዶቹ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያሉ፥ አየራቸውም የሳሳ ነው። ፍራይ ሦስት ሞተር ያለው አይሮፕላን ነበር ያሰበው። በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ ከተማ የነበረው ዶናልድ ዳግላስና ከእርሱ ጋር የነበሩት መሐንዲሶች ግን ሁለት ሞተር ይበቃል ብለው ተከራከሩ። ከመሐንዲሶቹ አንዱ አርተር ሬይመንድ ነበረ፤ ይህ ሰው በ1899 ተወልዶ እስከ 1999 የኖረ ስለ ሆነ የሠራው አይሮፕላን ሽማግሌ ሲሆን ለማየት በቅቷል።

የመጀመሪያው ዲሲ 1 ጁላይ 1 ቀን 1933 ሲነሣ ነገሩ ሁሉ ሊበላሽ ነበር። ነጂው ካርል ከቨር አፍንጫውን ወደ ላይ ባቀና ቍጥር ሁለቱም ሞተሮች ይታነቃሉ፤ ዝቅ ሲያደርገው እንደገና ይነሣሉ። እንዲህ እያባበለ ጥቂት ከፍታ አግኝቶ ዞረና በደኅና አሳረፈው። በኋላ ቢፈተሽ ቤንዚኑን የሚመጥነው የካርቡራቶር ተንሳፋፊ ወደ ኋላ ተገልብጦ የተተከለ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ዊንስሎ ከሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ሲነሣ አንዱን ሞተር አጥፍተው በቀረው አንድ ሞተር ተራራውን ተሻግሮ አልበከርኪ ደረሰ። የፍራይ ደብዳቤ ተፈጸመ።

ዲሲ 1 አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1934 አሥራ አራት ሰው የሚይዘው ዲሲ 2 ተከተለ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካን ኤርላይንስ አለቃ ሲ. አር. ስሚዝ መንገደኞቹን እያስተኛ አህጉሩን የሚያሻግር አይሮፕላን ስለ ፈለገ ዳግላስን በስልክ ረዥም ሰዓት ሲለምነው ቈየ። ዳግላስም ብዙ ሳይወድ እሺ አለ። ሆዱ ሰፋ፤ ክንፉ ረዘመ፤ አሥራ አራት አልጋ ገባበት። አልጋው ቀርቶ ወንበር ሲደረግበት ሃያ አንድ ሰው ያዘ። የአልጋው ዋጋ አጭር ሆነ እንጂ ሃያ አንዱ ወንበር የንግዱን ታሪክ ለወጠው። ከዚያ አስቀድሞ የአሜሪካ የአየር መንገዶች የሚኖሩት መንግሥት ለፖስታ በሚከፍላቸው ገንዘብ ነበረ፤ መንገደኛ ብቻውን ጭኖ ትርፍ የሚያገኝ አይሮፕላን በዲሲ 3 ተገኘ።

የዕድሜው ምሥጢር ክንፉ ላይ ነው። የክንፉን አሠራር ያሰበው ጃክ ኖርዝሮፕ የተባለ ብልህ ሰው ነበረ። ሸክሙ በአንድ ወፍራም አጥንት ላይ ከሚያርፍ ይልቅ በብዙ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክፍሎች ላይ ተከፋፍሎ ያርፋል። አንዱ ክፍል ቢሰነጠቅ ሌሎቹ ይይዙታልና ጥገናው ሳይዘነጋ ከተደረገ ክንፉ ይደክማል ተብሎ አይፈራም። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ልኩን በሒሳብ አጥብቀው ማወቅ ስላልቻሉ አብዝተው አጠነከሩት። አለማወቃቸው እዚህ ላይ በጀ ማለት ይቻላል።

ይህ አይሮፕላን የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ነው፤ የራይት ወንድማማች ከበረሩበት ቀን 32 ዓመት ሲሞላ ማለት ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ታኅሣሥ 7 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። በዚያው ሰሞን፥ ኅዳር 26 ቀን፥ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ደብድበው ነበር፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። እንግዲህ በሳንታ ሞኒካ መንገደኛን በአልጋ የሚያስተኛ አይሮፕላን ሲወጣ፥ የኢትዮጵያ ገበሬ አይሮፕላንን የሚያውቀው ቦምብና መርዝ የሚያወርድ ሆኖ ነበር። የዚያው የዲሲ 3 ልጆች በአሥር ዓመት ውስጥ በሌላ መልክ ወደዚህ አገር እንደሚመጡ ማን ያስብ ነበር?

በመካከሉ የዓለም ጦርነት ገባ። ለሰላም ሥራ የተሠሩት ዲሲ 3ዎች 607 ብቻ ሲሆኑ፥ ሲ 47 ተብሎ ለጦር የተሠራው ግን ከነወንድሞቹ ከአሥር ሺህ በላይ ነው። ሩሲያም ጃፓንም በፈቃድ በየአገራቸው ሠርተውታል። ጁን 6 ቀን 1944 ከስምንት መቶ የሚበልጡት በአንድ ሌሊት ወታደሮችን ወደ ኖርማንዲ አደረሱ። ጄኔራል አይዘንሀወርም ጦርነቱን ለማሸነፍ ከረዱት ዋና ዋና ዕቃዎች ጋር ቈጥሮታል።

ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥታት የተረፋቸውን በርካሽ ይሸጡ ጀመር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም ሥራውን ለማስኬድ የተዋዋለው ቲደብልዩኤ ነበረ፤ ያ ከ1932 ጀምሮ በደብዳቤው አይሮፕላኑን ያስወለደው ኩባንያ ማለት ነው። የተገዙትም አምስት ሲ 47 ናቸው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። መንገደኞቹ በግራና በቀኝ በተዘረጋ የወታደር አግዳሚ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጣሉ፤ ጭነቱ በመካከላቸው በገመድ ይታሰራል። በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው የአገር ቤት መንገድ በሰዓታት ይለካ ጀመር። ማረፊያዎቹ ሣርና አፈር ስለ ነበሩ ጎማው ሰፊ፥ እግሩም ጠንካራ የሆነው ዲሲ 3 ለነርሱ የተፈጠረ ይመስል ነበር። በ1957ም ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በዚሁ አይሮፕላን አለቅነት ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች የሙያ ፊደል መቍጠሪያ የሆነው ይህ አይሮፕላን ነው።

አሁን ወደ ማስመሰያው እንመለስ፤ የእርሱም ታሪክ ከዲሲ 3 ታሪክ ጋር በአንድ ዘመን ይጀምራል።

በኒው ዮርክ ግዛት በቢንጋምተን ከተማ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ የነበረው ሊንክ የሚባል ቤተ ሰብ ነበረ። ልጁ ኤድዊን ሊንክ በ1904 ተወለደ። በረራ መማር ቢወድም የትምህርቱ ዋጋ እጅግ ውድ ነበረ። ኦርጋን የሚሠራ ሰው ነፋስን ማዘዝ ያውቃል፤ በወናፍ አየር ይመጣል፥ በቧንቧ ይሄዳል፥ በቁልፍ ይከፈታል ይዘጋል። ሊንክም ይህንኑ ጥበብ ለሌላ ነገር አዋለው። ከ1927 እስከ 1929 ባለው ጊዜ በአባቱ ፋብሪካ ምድር ቤት አጫጭር ክንፎችና ጭራ ያሉት አንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ሠርቶ በወናፎች ላይ አስቀመጣት። ተማሪው በውስጧ ተቀምጦ መሪውን ሲያንቀሳቅስ አየሩ ከአንዱ ወናፍ ወደ ሌላው ይሄድና ሣጥኗ እንደ አይሮፕላን ታዘነብላለች፥ ትነሣለች፥ ትዞራለች። የሣጥኗ መክደኛ ሲዘጋ ተማሪው ሰማይም ምድርም አያይም፤ በመለኪያዎቹ ብቻ መሄድን ይማራል።

የገዟት መጀመሪያ የጨዋታ ሜዳ ባለቤቶች ናቸው። ሹሞቹ የልጆች መጫወቻ አድርገው ተመለከቷት። በ1934 በፌብሩዋሪ የአሜሪካ ጦር የአየር ፖስታን ሥራ ተረከበ፤ በጨለማና በጉም በመለኪያ ብቻ መብረር ያልለመዱ የጦር ነጂዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአሥር በላይ ሞቱ። ያን ጊዜ ሹሞቹ ሊንክን አስጠሩት። በቀጠሮው ቀን ጉም ምድሩን ሸፍኖ ስለ ነበረ አይመጣም ብለው ሊሄዱ ሲሉ፥ ሊንክ በመለኪያዎቹ እየተመራ ጉሙን ሰንጥቆ መጥቶ ኒውአርክ ሜዳ ላይ አረፈ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላስፈለገም፤ ጦሩ ስድስቱን እያንዳንዱን በ3,500 ዶላር ገዛ። በዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሥር ሺህ በላይ ተሠሩ። የዲሲ 3ንና የሲ 47ን መሪ የጨበጡ ብዙ እጆች አስቀድመው የሊንክን ሰማያዊ ሣጥን የጨበጡ ናቸው። እንግዲህ ማስመሰያው ከጨዋታ ሜዳ ወጥቶ የሰውን ነፍስ ማዳኛ የሆነ ዕቃ ነው። ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነበር።

በ1948 ፓን አሜሪካን የተባለው አየር መንገድ ስትራቶክሩዘር ለሚባለው ትልቅ አይሮፕላኑ በኤሌክትሪክ ሒሳብ የሚሠራ ሙሉ ማስመሰያ አስገባ፤ ሙሉ የአየር መንገድ ሲሙሌተር የሚባለው ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሥራው የኮምፒዩተር ሆነ። ብሩስ አርትዊክ የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1975 በረራን በኮምፒዩተር ሥዕል ስለ ማሳየት የመመረቂያ ጽሑፍ ጻፈ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ ይህን ጥበብ ለቤት ኮምፒዩተር አደረሰው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ተዋውሎት በ1982 የመጀመሪያውን ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር አወጣ። ሥዕሉ ጥቂት መስመር ብቻ ነበረ፤ ተራራው ሦስት ማዕዘን፥ ከተማው ጥቂት ሣጥኖች። አይሮፕላኑም ትንሽ ሴስና ነበረች።

ዲሲ 3 በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የክብር ቦታ ያገኘው በ2003 ነው። የራይት ወንድማማች በረራ መቶኛ ዓመት ሲከበር ማይክሮሶፍት ዘጠኝ የታሪክ አይሮፕላኖችን ጨምሮ አንድ እትም አወጣ፤ ከነርሱ መካከል ሊንድበርግ አትላንቲክን የተሻገረበትና ዲሲ 3 ነበሩበት። በኖቬምበር 2022 ደግሞ ፕሮግራሙ አርባ ዓመት ሲሞላው ዲሲ 3 እንደገና በአዲስ መልክ ተሠርቶ ለባለቤቶቹ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ተሰጠ። በመካከሉ የኩባንያ ተቀጣሪ ያልሆኑ፥ ሥራውን ስለ ፍቅሩ ብቻ የያዙ ሰዎች የጦርነቱን ዘመን የነጂ መጽሐፎች እየፈለጉ፥ የመለኪያዎቹን ሥዕል ከቤተ መዘክር እያነሡ የየራሳቸውን ዲሲ 3 ሠርተዋል።

ታዲያ አምሳያው ምን ያስተምራል? ብዙ ያስተምራል። ዲሲ 3 በምድር ሲቆም አፍንጫው ወደ ሰማይ፥ ጭራው ወደ ምድር ነው፤ ሦስተኛው ጎማ ከጭራው ሥር ስለ ሆነ ነጂው በፊቱ ያለውን መንገድ አያይም። ስለዚህ በምድር ሲሄድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ በጎን መስኮት መንገዱን መፈለግ አለበት። የዛሬ አይሮፕላን ብቻ የለመደ ሰው በማስመሰያው መጀመሪያ ሲቀመጥ ይደነግጣል፤ በመስኮቱ ከሰማይ በቀር የሚታይ የለምና። ሞተሩን ለማስነሣት አንድ ቁልፍ መጫን አይበቃም፤ አስነሺው መጀመሪያ መሽከርከር አለበት፥ ቀጥሎ ከሞተሩ ጋር መያያዝ፥ ፕሮፔለሩ ጥቂት ሲዞር እሳቱ መለቀቅ፥ ቤንዚኑም በልኩ መከፈት አለበት። ከአሥራ አራቱ ሲሊንደሮች አንዳንዱ አስቀድሞ ይነሣና ጢስ ይተፋል፤ የቀሩት እያመነቱ ይከተላሉ። ለመነሣት ኀይሉ ሲሰጥ አይሮፕላኑ ወደ ግራ ይጐትታል፤ የነጂው ቀኝ እግር ይህን ካልቀደመ ከሜዳው ይወጣል። እግሩን ለማጠፍም አንድ እጀታ አይበቃም፤ አንዱ መቀርቀሪያውን ይከፍታል፥ አንዱ ዘይቱን ይገፋል፥ መለኪያውም መታየት አለበት። ሲያርፍ ደግሞ ጭራው ሊቀድም ይፈልጋል፤ ነጂው እስከ መጨረሻው ካልነቃ አይሮፕላኑ በገዛ ጎማው ላይ ይሽከረከርበታል።

ይህ ሁሉ ሥርዓት በመጽሐፍ ተጽፎ አለ። በመጽሐፍ ያነበበው ሰው ግን ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይይዘዋል እንጂ ጊዜውን አይዝም፤ አስነሺው ስንት ቅጽበት መሽከርከር እንዳለበት፥ እግሩ መቼ መቅደም እንዳለበት የሚታወቀው በመሥራት ነው። ማስመሰያው ከመጽሐፍ የሚበልጠው በዚህ ነው።

የማይሰጠውም ብዙ ነው። የዲሲ 3 መሪ ከባድ ነው፤ በሽቦ ከክንፉና ከጭራው ጋር ስለ ተያያዘ ነፋሱ በሽቦው ውስጥ ወደ ነጂው መዳፍ ይመጣል። በማዕበል ውስጥ ሁለት ሰዓት የነዳው ሰው ክንዱ ይዝላል። የፊት መስኮቱ ዝናብ ያስገባል፤ የድሮ ነጂዎች ጭናቸውን በዝናብ ልብስ ይሸፍኑ ነበር። የሞተሩ ድምፅ በአጥንት ውስጥ ይገባል። በቤት ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ሰው ከዚህ አንዱንም አያገኝም። ከሁሉ በላይ አይፈራም፤ ተራራ ቢመታ አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደገና ይጀምራል። የዜማ ምልክት በብራና ላይ ሳለ ድምፅ አይሰጥም፤ ከመምህር አፍ የሰማ ብቻ ይዘምረዋል። ነገር ግን ምልክቱ ባይኖር መምህሩም ያሳተው ነበር። ማስመሰያው ለዲሲ 3 እንዲህ ያለ ምልክት ነው ማለት ይበጃል፤ ከዚህ አብልጦ ማመስገን ግን ትክክል አይሆንም።

የኢትዮጵያ ከፍታ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፍራይ በደብዳቤው ያሰባቸው የአሜሪካ ሜዳዎች ከዚህ ብዙ ያንሳሉ። በሳሳ አየር ሞተሩ ኀይሉ ይቀንሳል፥ ክንፉም ለመነሣት ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ማስመሰያው ይህን በሒሳብ ያሰላዋል፤ በባሕር ዳርቻ ሜዳ ቀልሎ የተነሣው ያው ዲሲ 3 ከአዲስ አበባ ሲነሣ ረዥም መንገድ ይሮጣል፥ ቀስ ብሎም ይወጣል። የመጋቢት 30 ቀን 1938ን መንገድ በቤቱ ሊከተል የወደደ ሰው ያን ቀን የነበሩት ነጂዎች በእጃቸው ያወቁትን ጥቂቱን ያውቃል። አስመራም ያን ያህል ከፍታ ያላት ስለ ሆነች መነሻውም ማረፊያውም ይከብዱታል።

አንድ ነገር ግን ያስቀዋል ወይም ያሳዝነዋል። በአዲሶቹ ፕሮግራሞች ያለው ምድር ከሳተላይት በተነሣ ፎቶግራፍ የተሠራ የዛሬ ምድር ነው። ሲ 47ቶቹ የበረሩበት የልደታ ሜዳ በሣርና በባሕር ዛፍ መካከል አይታይም፤ የሚታየው ፎቅና አስፋልት ነው። አይሮፕላኑን እስከ መቀርቀሪያው ድረስ ለመምሰል የደከመው ጥበብ ከተማውን በዘመኑ አላስቀመጠውም። የታሪክ ሰው ይህን ሳያስተውል ቢቀር አምሳያው ያሳስተዋል።

ሌላው ሊነገር የሚገባው አምሳያውና አይሮፕላኑ እርስ በርሳቸው መረዳዳታቸው ነው። በፔንሲልቬኒያ በሬዲንግ የሚገኘው የመካከለኛው አትላንቲክ የአይሮፕላን ቤተ መዘክር የባሕር ኀይል የነበረ አንድ የዲሲ 3 ወንድም አለው። ጥቂት የበረራ ማስመሰያ ወዳጆች ያንን አይሮፕላን ለክተው፥ ድምፁን ቀድተው፥ የነጂውን ክፍል ሥዕል አንሥተው አምሳያውን ሠሩ፤ ከሽያጩ የተገኘውንም ገንዘብ ለእውነተኛው አይሮፕላን ጥገና አደረጉት። ጥላው ለአካሉ ቀለብ ሰፈረለት እንደ ማለት ነው።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚቈይ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ ነገር የማይሞት ይመስላል። በ2003 የወጣው እትም በዲስክ ነበረ፤ ዲስኩን የሚያነብ መኪና ዛሬ ከአዲስ ኮምፒዩተሮች እየጠፋ ነው፥ ፕሮግራሙም በአዲሶቹ ላይ ያለ ብዙ ድካም አይነሣም። በጃንዋሪ 2009 ማይክሮሶፍት የሲሙሌተሩን ሠራተኞች ክፍል ዘጋው፤ በ2012 ሌላ ጀምሮ በዚያው ዓመት ተወው፤ አዲሱን በ2020 እስኪያወጣ ድረስ የቆየውን ያቈየው የወዳጆቹ ትጋት ነው። በአዲሱ ደግሞ ምድሩ ሁሉ በሽቦ ከሩቅ ቤት ይመጣል፤ ያ ቤት በተዘጋ ቀን ተራራው ይጠፋል። በ2003 የወጣው አምሳያ ሲያረጅ በ1940ዎቹ የተሠራው አሉሚኒየም ግን ተርባይን ሞተር ተተክሎለት በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ያርፋል።

ይህን ሞተር የሚለውጠው በዊስኮንሲን ግዛት በኦሽኮሽ ከተማ ያለው ባዝለር የተባለ ኩባንያ ነው። በ2015 በዚያ ግቢ ተራውን ይጠብቅ ከነበሩት አሮጌ አካሎች አንዱ በቍጥሩ ሲመረመር ዛትስ ኦል ብራዘር የተባለው ሲ 47 ሆኖ ተገኘ። ይህም በጁን 1944 ሌሊት የዋናውን የሰማይ ጦር ሰልፍ እየመራ ወደ ኖርማንዲ የገባው አይሮፕላን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ተሽጦ፥ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ማንነቱ ተረስቶ ነበር። ጥቂት ጊዜ ቢዘገይ ተቈርጦ ወደ ሌላ መልክ ይለወጥ ነበር። የድሮ የጦር አይሮፕላኖችን የሚጠብቅ ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ ገዛው፥ የበሰበሰውን ለወጠ፥ ሁለቱን የቀድሞ ዐይነት ሞተሮች መለሰለት። በ2018 እንደገና በረረ። በ2019 የዚያ ቀን ሰባ አምስተኛ ዓመት ሲከበር በመሰሎቹ ታጅቦ አትላንቲክን ተሻገረና ኖርማንዲ ደረሰ።